የሚረክሰው የምኑ ዋጋ ነው?
ስለ ዛንዚባር ደሴት የጭርታ ወራት የቀረበ አስተያየት

በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ በነጋዴዎች መካከል አንድ ወሬ ይሰማል፤ ይኸውም የዛንዚባር ሆቴሎች ዋጋ ወረደ የሚል ነው። ወሬው እውነት ነው። በደሴቲቱ ማሲካ የሚባለው ታላቁ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት ማለቂያ ድረስ ስለሚወርድ፣ ፀሐይ ፍለጋ ከአውሮፓ የሚመጣው አገር ጎብኚ ይቀራል፤ ጎብኚው ሲቀር አልጋው ባዶውን ያድራል፤ አልጋው ባዶውን ሲያድር ባለቤቱ ዋጋውን ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ስለሚበር መንገዱ ለእኛ ቅርብ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን በዚህ ወራት ወደ ደሴቲቱ ሄደው በጠረፍዋና በጫካዋ መንገዶች ቢመላለሱ የሚነቅፋቸው የለም፤ እኔም በበኩሌ ሂዱ ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን በዚህ ወራት የምኑ ዋጋ ሊረክስ እንደሚገባው፣ የምኑ ዋጋ ደግሞ መርከስ እንደማይገባው ለይቶ የሚያስብ መንገደኛ ጥቂት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ነገሩም የነጋዴ ነገር ነውና፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ አስተያየቴን ልገልጽ ወደድሁ። ወራቱን በአገራችን፣ ዓመታቱን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበል።

ዛንዚባር ሲባል ኡንጉጃና ፔምባ የተባሉት ሁለት ዋና ደሴቶች በዙሪያቸው ካሉት ከትናንሾቹ ጋር ነው። እኔ የምናገረው ስለ ኡንጉጃ ነው፤ ጎብኚ ሁሉ ዛንዚባር እያለ የሚጠራት እርስዋን ነውና። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። በምዕራብ በኩል የድንጋይ ከተማ የሚባለው አሮጌው የንግድ ከተማ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ነጭ አሸዋ የለበሰው ረጅሙ ጠረፍ ተዘርግቷል። በ2023 ወደ ደሴቶቹ የገባው የውጭ አገር ጎብኚ ከ630,000 በላይ ነበር፤ በሚያዝያና በግንቦት የሚገባው ግን ከሌሎቹ ወራት ሁሉ የሚያንስ ነው።

ጭርታው በደሴቲቱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኅዳር አንሥቶ እስከ የካቲት ድረስ ሲነፍስ፣ የዓረብና የሕንድ ባለሸራ ጀልባዎች ተምር፣ ደረቅ ዓሣና ጨርቅ ጭነው ይወርዱ ነበር። ኩሲ የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስና ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት ጭነው ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። ማሲካ የሚወርደው ነፋሱ ፊቱን በሚያዞርበት በዚያ መካከል ነው። የከተማው ነጋዴ በዚያ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ለሚቀጥለው ነፋስ የሚሆነውን ዕቃ ያጠራቅማል፣ ሒሳቡን ይመረምራል፣ ያበደረውን ያስባል። በ1833 የአሜሪካ መንግሥት ከሱልጣን ሰይድ ጋር የንግድ ውል ከተዋዋለ በኋላ፣ ከሳሌም ወደብ የሚነሡት አሜሪካውያን እኛ አቡጀዲ የምንለውን ዓይነት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በብዛት አመጡ፤ የአገሩም ሰው መሪካኒ ብሎ ጠራው። መገበያያው በእኛ ዘንድ ጠገራ ብር የተባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። እንግዲህ የአዲስ አበባ ባለሱቅ በድንጋይ ከተማ ጠባብ መንገዶች ሲያልፍ በባዕድ ገበያ መካከል አይደለም ማለት ይቻላል። በስዋሂሊ ገበያው ሶኮ ይባላል፤ ይህም የእኛ ሱቅ ከመጣበት ከዚያው ከዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ካራፉ የሚሉትም ያው በየሱቃችን ለሻይ የምንሸጠው ቅርንፉድ ነው።

ስለዚህ ስለ ቅርንፉድ ካነሣን አይቀር፣ የጭርታው ወራት ለደሴቲቱ ምን ያህል ክፉ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። በ1872 በሚያዝያ ወር የተነሣው ዐውሎ ነፋስ በኡንጉጃ ከነበረው የቅርንፉድ ዛፍ አብዛኛውን ገነደሰው። ፔምባ በብዛት ስለ ተረፈች የቅርንፉዱ ንግድ ወደዚያ አጋደለ፤ ዛሬም የዛንዚባር ቅርንፉድ ከሚባለው የሚበዛው የሚለቀመው በፔምባ ነው። አንድ ጊዜ የነፈሰ ነፋስ ያዛወረውን ንግድ መቶ ሃምሳ ዓመት አልመለሰውም።

ይህን የንግድ ታሪክ ስናደንቅ የሒሳቡን ሌላ ገጽ መዝለል አይገባም። በዚያው ከተማ ሰውም ይሸጥ ነበር። የባሪያው ገበያ በ1873 ተዘግቶ በቦታው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት፤ ሕንጻው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ዕቃ ረከሰ ተብሎ በሚያስደስትበት ሥፍራ ሁሉ ያረከሰው የማን ጉልበት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ከሆነ፣ በዚህች ደሴት ላይ መጠየቅ ይበልጡን ተገቢ ነው። የዚህም ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እግር መንገዱ እንምጣ። ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ጆዛኒ ከተባለው ጫካ ይደርሳል። ይህ ጫካ ከችዋካ የባሕር ወሽመጥ ጋር አንድ ላይ ሆኖ በ2004 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። በውስጡ በዓለም ላይ ከዛንዚባር ደሴቶች በቀር በሌላ ሥፍራ የማይገኝ ቀይ ጉሬዛ ይኖራል። እኛ የምናውቀው ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይህኛው ጀርባው የዛገ ብረት ይመስላል፤ በራሱም ላይ እንደ ተበጠረ ጎፈሬ ያለ ነጭ ጠጉር አለው። የሚገርመው ነገር ከሰል ይበላል። ከጫካው ውጭ የማንጎና የሌላም ዛፍ ቅጠል ሲበላ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዝ ሆዱን እንዳይጎዳው፣ ሰው አንድዶ ከተወው ስፍራ ከሰል እያነሣ ይቆረጥማል። በጫካው አጠገብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ጉሬዛውን እየገጨ ስላስቸገረ ፍጥነት የሚገታ ጉብታ ተሠርቶበታል። በበጋው ወራት ጎብኚው በአውቶቡስ መጥቶ፣ ጉሬዛውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። በማሲካ ግን ጫካው ባዶ ነው፤ መሪው አይቸኩልም፤ ይህ ዛፍ ለምን መድኃኒት እንደሚሆን፣ ያኛው ለጀልባ የታችኛው እንጨት እንደሚመረጥ፣ ሌላው ደግሞ ስለምን እንዳይቆረጥ እንደተከለከለ አንድ በአንድ ያስረዳል። ከጫካው ማዶ በጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው ማንግሮቭ በሚባለው ዛፍ መካከል የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ ባሕሩ ሲሞላ ከእግር በታች ውሃ፣ ሲጎድል ደግሞ ጭቃና በሥሮቹ መካከል የሚሯሯጥ ሸርጣን ይታያል።

ስለ ዝናቡ ማባበል አልወድም። ቀኑን ሙሉ የሚወርድበት ቀን አለ፤ የጫካው መንገድ ይጨቀያል፤ ትንኙ ይበረክታል፤ ባሕሩ ስለሚደፈርስ ከውሃ በታች ያለውን ለማየት የሚጠልቅ ሰው ያዝናል፤ ከሆቴሎቹም በራቸውን ዘግተው ዝናቡን የሚያሳልፉ አሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ዝናቡ በኀይል ወርዶ ያባራል፤ ከዚያም በኋላ ሰማዩ ታጥቦ አየሩ ይቀዘቅዛል። በጥር ወር በምሥራቁ ጠረፍ በቀትር የሚሄድ ሰው ከአሸዋው በሚመለሰው ሙቀት ይቃጠላል፤ በሚያዝያ ግን ከፓጄ እስከ ጃምቢያኒ ድረስ ያለውን አሸዋ በእግሩ ቢያቋርጠው አይሰለቸውም። በዚህ ጠረፍ ላይ በገመድ ሸራ ታስረው በውሃ ላይ የሚንሸራተቱት የውጭ አገር ወጣቶች እንኳ በዚህ ወራት አይገኙም፤ እንደ ጥንቱ ባለጀልባ ሁሉ እነርሱም ካስካዚና ኩሲ ይጠብቃሉና።

የምሥራቁ ጠረፍ ዋና ነገር አሸዋው ሳይሆን ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ነው። ከጠረፉ ራቅ ብሎ ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ እንደ አጥር ቆሞ ማዕበሉን ይመልሰዋል፤ በአጥሩና በጠረፉ መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት እስከ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መሬቱ ይገለጣል። በዚያ መሬት ላይ ችካል ተተክሎ፣ በችካሉ መካከል ገመድ ተወጥሮ፣ በገመዱ ላይ ሙዋኒ የሚሉት የባሕር አረም ታስሮ ይበቅላል። ይህ እርሻ በደሴቲቱ የተጀመረው በ1989 ነው፤ የሚሠሩትም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አረሙ ተለቅሞ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በጆንያ ታጭቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ከእርሱ የሚወጣው አጣባቂ ነገር በጥርስ ሳሙና፣ በአይስ ክሬምና በመዋቢያ ቅባት ውስጥ ይገባል። ሁለት ዓይነት አለ፤ በገበያ ዋጋው ከፍ ያለው ዓይነት ሙቀት ስለማይችል፣ የባሕሩ ውሃ እየሞቀ ከመጣ ወዲህ በብዙ ስፍራ እየሞተ ሴቶቹ ዋጋው ዝቅ ያለውን ብቻ ወደ ማብቀል ተመልሰዋል።

ላኪዎቻችን የሚቀጥለውን ነገር ሳይነገራቸው ይረዱታል። ጀንፈል ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ቢመታው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። የባሕሩም አረም ሲደርቅ ዝናብ ካገኘው ጥራቱ ይወድቃል። ስለዚህ በማሲካ ሴቶቹ ውሃው ውስጥ የሚቆዩት ሰዓት ሳይቀንስ፣ ከገዢ የሚያገኙት ገንዘብ ይቀንሳል። በዚህ ወራት ጎብኚ ወደ ገመዶቻቸው መርተው ሥራቸውን በማሳየት፣ ከአረሙ የሚሠሩትን ሳሙና በመሸጥ የሚያገኙት ጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ሳይሆን የጎደለውን የሚሞላ ነው። መንገደኛ ነጋዴ ይህን ሳሙና ለመግዛት ቆሞ ግማሹን ዋጋ ጥሎ ሲከራከር ማየት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ደርሰናል። የሆቴል አልጋ እንደ ቲማቲም ነው፤ እንዲያውም ከቲማቲም ይብሳል። ቲማቲም ለነገ ሊያድር ይችላል፤ የዛሬ ሌሊት አልጋ ግን ሳይከራይ ከነጋ ጠፋ። ሕንጻው ተሠርቷል፣ ዘበኛው ተቀጥሯል፣ የባንኩ ወለድ ይቆጠራል፤ ሰው ቢያድርበት የሚጨመረው ወጪ የአንሶላ እጥበትና የቁርስ ያህል ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በግማሽ ዋጋ ቢያከራይ ይጠቅመዋል፤ ተከራዩም ቢከራከር ነውር የለበትም፤ ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸውና ይነጋገሩ። የመሪው፣ የባለጀልባው፣ የአረም ለቃሚዋ ሥራ ግን እንደዚህ አይደለም። ባለጀልባው በዝናብ ቀን ወደ ባሕር ሲወጣ የሚያፈሰው ቤንዚን ያው ነው፤ የሚጨልፈው ውሃ ይበዛል፤ ሰማዩን እየተመለከተ የሚጠብቀው ሰዓት ይረዝማል። ዕቃው በበጋ ከሚሸጠው የከበደ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይቅለል ማለት በምን ሒሳብ ነው?

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአውሮፕላኑ ቲኬት ዋጋ በኮምፒዩተር ተቆርጦ ስለሚመጣ ማንም አይከራከረውም። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው 44 ዶላር የመድን ገንዘብ በዝናብም በፀሐይም ያው 44 ዶላር ነው። የጫካው መግቢያ ዋጋ በደንብ የተወሰነ ነው። ሆቴሉ ሳይለመን በራሱ ቀንሷል። እንግዲህ በገበያ ያደገ ምላስ የሚያርፍበት ስፍራ ሲፈልግ፣ የታተመ የዋጋ ዝርዝር በሌላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ያርፋል፤ እነዚያም ከሁሉ ድኾች የሆኑት ናቸው። ጎብኚው ሦስት መቶ ዶላር ከሆቴሉ ተቀንሶለት ሳለ፣ በአምስት ዶላር ምክንያት ከባለጀልባው ጋር በአሸዋ ላይ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ይህ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሦስቱ መቶ ሳይሆን ስለ አምስቱ ነው፤ እርስዋን በምላሱ አገኛታ።

በዚህ ላይ የሚሰጠውን መልስ አውቃለሁ። ፈላጊ ሲያንስ ዋጋ ይወርዳል፤ ጉልበትም ሸቀጥ ነው፤ ባለጀልባውም ባዶ እጁን ከሚገባ ጥቂት ይዞ ቢገባ ይሻለዋል ይባላል። የመጨረሻው ቃል እውነት አለበት፤ ሥራ ከማጣት ትንሽ ሥራ ይሻላል። ነገር ግን በዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ዘንድ አንድ ሌላ ነገር ይታወቃል። ዕቃ የሚያመጣልንን ሰው ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ አንቀን ከያዝነው፣ ገበያ በሞቀበት ጊዜ አናገኘውም። ጆዛኒን የሚያውቀው መሪ በማሲካ መኖር ካልቻለ ወደ ዳሬሰላም ይሻገራል፤ በሐምሌ የሚመጣው ጎብኚ የሚያገኘው ትላንት የተቀጠረውን፣ ዛፍና ዛፍ የማይለየውን ነው። ጫካው ራሱም የቆመው በአዋጅ ብቻ አይደለም። ከመግቢያው ገንዘብ ከፊሉ በዙሪያው ላሉት መንደሮች እንዲደርስ በመደረጉ ሰዎቹ ከመጥረቢያው ይልቅ ጉሬዛውን መረጡ። በአካባቢው ማገዶና ከሰል ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ከጎብኚ የሚገኘው ሲቀር ወደ እርሱ የሚመለስ እጅ አይጠፋም።

ስለዚህ የምመክረው እንደ ነጋዴ ነው። ዋጋ ለማስቀነስ የፈለገ ሰው በሆቴሉ ቤት ይበርታ፤ ሦስት ሌሊት ያሰበው ስድስት ሌሊት እቀመጣለሁ ብሎ ያስቀንስ። ከዚያ ከተረፈው ገንዘብ መሪውን በበጋው ዋጋ ይያዝ፤ በጅምላ መግዛት የለመደ ከሆነም በአንድ ቀን ግማሽ ዋጋ ከመከራከር ሁለት ቀን በሙሉ ዋጋ ይቅጠረው። መሪው በዚያ ወራት የጎደለው የቀን ብዛት ነው፤ እርሱን ብንጨምርለት ሁላችንም እናተርፋለን። የሆቴል ባለቤቶቹም ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም። ዝናቡ ሲገባ ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ አሰናብቶ፣ በሰኔ አዲስ ሰው ከመንገድ የሚለቅም አለ፤ ሠራተኛውን ይዞ በሩን፣ መስኮቱንና አልጋውን የሚያስጠግንም አለ። ሁለተኛው በሰኔ ሲከፍት ወጥ ቤቱ እንዳለ ነው። እኔ ገንዘቤን የምወስደው ወደ እርሱ ነው፤ ከማደሬም በፊት ሠራተኞቹ ከመቼ ጀምሮ እንዳሉ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ግን ባንክ ሲያበድረን ከዚህ የባሰ ይጠይቀን የለምን?

በአገራችንም ክረምት ሲገባ ያው ነገር ነው። ዓባይ በሞላበትና ስሜን በአበባ ሊሸፈን በተቃረበበት ወራት ጎብኚ የለም ተብሎ መንገድ መሪው፣ ባለበቅሎውና ባለጀልባው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ፤ አልፎ አልፎ የሚመጣውም እንግዳ ዝናብ ነው በማለት ዋጋቸውን ይሰብራል። በዚህ ረገድ ባሕር ዳርና ደባርቅ ያሉት ባለሆቴሎች ከአንባቢዎቻችን መካከል ስለሚገኙ፣ የደሴቲቱ ነገር እነርሱንም ይመለከታል።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ነገሮችን ልጨምር። ባለሱቅ ከፋሲካ በፊት ሱቁን ጥሎ እንደማይወጣ የታወቀ ነው፤ ቅቤውና ዘይቱ፣ ሽንኩርቱና ዶሮው አያስወጣውም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን፣ የሠርጉ ገበያ ካልያዘው በቀር፣ ጊዜ አለው፤ ማሲካም ገና አላለፈም። አስመጪ የሆነውና በዐቢይ ጾም መሄድ የሚችለው ደግሞ ምግብ አይቸግረውም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ካሳቫ በየመንደሩ ይገኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። የአገሩ ሰው አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ ረመዳን በዚህ ወራት የገባ እንደ ሆነ ከከተማውና ከመንደሩ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ቀን ይዘጋሉ፤ በሰው ፊት መብላትና መጠጣትም አይገባም፤ ጾመኛ ለጾመኛ ማክበር አዲስ ነገር አይሆንብንም። በመንደሩ መካከል ሲያልፉ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ነው። እግርን በተመለከተ ከውድ ጫማ ሁሉ የሚሻለው የእኛው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ባሕሩ በሸሸበት መሬት ላይ እሾኻም የሆነ ጥቁር የባሕር ፍጥረት ስላለ በባዶ እግር መሄድ አይቻልም፤ ኮንጎው ውሃ ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ወዲያው ይደርቃል።

ሰዓት በመቁጠርም አንቸገርም። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቆጠር መሪው በአራት ሰዓት እንገናኝ ካለ ያው የእኛ አራት ሰዓት ነው፤ አውሮፓዊው ግን ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ይህም ለባሕሩ ዳር እግረኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችና አዲስ በተወለደች ሰሞን ባሕሩ ከሁሉ ይበልጥ ይሸሻል፤ በዚያ ሰሞን በዛንዚባር ጠረፍ ውሃው የሚጎድለው ረፋዱ ላይ፣ ወደ አራትና አምስት ሰዓት ግድም ነው። ስለዚህ የጉዞውን ቀን የሚመርጥ ሰው ከሆቴሉ ዋጋ በፊት ጨረቃዋን ይቁጠር። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከአሸዋው ተነሥቶ የሚሸሸውን ውሃ እየተከተለ ቢሄድ እስከ ገመዶቹ ድረስ በደረቅ እግር ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን ቸል ማለት የለበትም፤ ውሃው ሲመጣ ዝቅ ባለው ስፍራ ቀድሞ ይገባና ከኋላ ይከብባል። አረም ለቃሚዎቹ ሴቶች ከገመዳቸው የሚነሡበትን ሰዓት ከማንም ይልቅ ያውቁታልና፣ እነርሱ ጆንያቸውን ሲሸከሙ እግረኛውም አብሮአቸው ቢነሣ ይሻለዋል።